በርጩማ አቅራቢው

በጥር ወር ቡሬ ሠርግ ላይ የተገኘ ሰው አንድ ዘፈን ሳይሰማ አይወጣም። ሙሽራዋ ዳስ ስትገባ ሴቶቹ ተነሥተው ያዜሙታል፤ ኦርጋን ተጫዋቹ ከኋላ ከኋላ ይከተላቸዋል፤ ድምፅ ማጉያው ደግሞ እንደ ልማዱ ግማሹን ይበላዋል። እኔም በተጠራሁበት ሁሉ አጨበጭባለሁ፤ እንደ እንግዳ፣ በልክ። አንድ ጊዜ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት መምህር ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ «ጋሼ፣ የዚህን ዘፈን ደራሲ ያውቋቸዋል? እዚሁ ቡሬ ናቸው። በዚህ ሥራ የተነሣ ብዙ ተንገላተዋል አሉ» አለኝ።

አውቃቸዋለሁ አልኩት። መንገላታታቸውንም አረጋገጥኩለት፤ በዚያ ጉዳይ ከእኔ የተሻለ ምስክር የለም።

ዘፈኑን የሠራሁት እኔ ነኝ። ግጥሙን፣ ዜማውን፣ ዘፈኑ የወጣበትን ሙሉ ሙዚቃዊ ተውኔትም። ይህን ለዚያ ወጣት አልነገርኩትም። አሁን የምጽፈውም ንብረቴን ላስመልስ ብዬ አይደለም፤ የማንንም ስም ስላልጠራሁ ከዚህ ጽሑፍ ማንም አንዳች ነገር ሊወስድ አይችልም። የምጽፈው በቀል የሚገባውን ክብር ስላላገኘ ነው። ሰዎች በቀልን የአንድ ቀን ቁጣ አድርገው ያወሩታል። እኔ እስከማውቀው ድረስ ከድርሰት የበለጠ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ይቅር የሚሉ ሰዎችንም አከብራለሁ፤ አብዛኞቹ ግን ሌላ ምርጫ ያልነበራቸው ናቸው። እኔ ምርጫ ነበረኝ።

ወደ ሙዚቃዊ ተውኔት ያስገባኝ የጥበብ ፍቅር ሳይሆን የተማሪዎች መርሳት ነው። ፍኖተ ሰላም አማርኛ ሳስተምር ለወላጆች በዓል አጫጭር ተውኔቶች እጽፍ ነበር። ልጆቹ ክፍል ውስጥ በቃላቸው ያወረዱትን ንግግር፣ መድረክ ላይ ወጥተው የወላጆቻቸውን ፊት ሲያዩ ይጥሉታል። አንዲት ተማሪ ጥቂት ቃላት አልያዝ ብሏት ስታለቅስ፣ ያንኑ ንግግር በዜማ ሰጠኋት። አልረሳችውም። ከዚያ ወዲያ ንግግሩን በሙሉ ዜማ አደረግሁት። የዋና ከተማ ሃያስያን ሙዚቃዊ ተውኔት የአዳራሽ፣ የመጋረጃና የመብራት ቅንጦት ነው ብለው ሲጽፉ አነባለሁ። እነሱ ያነበቡትን እኔም አንብቤያለሁ፤ ከግሪኮቹ መዘምራን እስከ ጣልያኖቹ ኦፔራ። ያላነበቡት ነገር ቢኖር ዱርቤቴ ከብት ገበያ ዳር፣ ሜዳ ላይ፣ ያለ ማይክሮፎን ተውኔት ማሳየት ምን እንደሚመስል ነው። የሚነገረውን ነፋስ ይወስደዋል፤ በሬ ያገሣበታል። የሚዘፈነው ግን እስከ እህል ተራው ይደርሳል። በዚያ ሜዳ ላይ ቅንጦቱ መናገር ነበር።

መንግሥት ተለውጦ የኪነት ቡድኖች በየቦታው ሲደራጁ ከትምህርት ቤቱ አነሡኝና ለአንዱ ቡድን ጸሐፊ አደረጉኝ። ሥራችን ልማትን ማስተማር ነበር። ስለ እርከን ዘፈን ጽፌያለሁ። ስለ ክትባት ጽፌያለሁ። ስለ መጸዳጃ ጉድጓድም ጽፌያለሁ፤ ያንን እንኳ ማንም አልሰረቀኝም። ከቡድኑ ሁለት ሰዎች ለዚህ ታሪክ ያስፈልጉኛል። አንዱ ማሲንቆ የሚመቱ አዛውንት ናቸው፤ ሁላችንም «አያ» እንላቸው ነበር። ሌላዋ ድምፃዊቷ ናት። ኖታ አላውቅም፤ ዛሬም አላውቅም። ዜማ ስሠራ የማስቀምጠው እሷ ዘንድ ነበር። ጠዋት አንጎራጉርላታለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ስመለስ እኔ የረሳሁትን እሷ ይዛ ትጠብቀኛለች። አንዳንድ ጊዜ ያልሰጠኋትን ጨምራ ትመልስልኛለች፤ የጨመረችው የተሻለ ከሆነ ዝም ብዬ እቀበላለሁ።

ከሥራዎቼ ሁሉ የተሻለው ከወንፈል የተወለደ ነው። ገበሬዎቹ ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ ተያይዘው ሲያጭዱ በኅዳር ፀሐይ ከኋላቸው እየተከተልኩ ዘፈናቸውን አዳምጥ ነበር። ወንፈል ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ብድር ነው። መልሶ ማጨድ የማይችል ሰው ተራ የለውም። ተውኔቴ ስለ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበር። የሚያጭድላት ሰው የለም፤ እሷም ለሌላው ሰው ልታሰማራ አትችልም። ጤፏ ማሳ ላይ ሊረግፍ ሲል አንድ ሽማግሌ ይነሡና የእሳቸውን ተራ ለእሷ ይሰጣሉ። ወንፈሉ ማጭዱን ይዞ ወደ እሷ ማሳ ይሄዳል። በማግስቱ ያለ ወቅቱ ዝናብ ይጥልና የሽማግሌውን ጤፍ ያበላሸዋል። ሴቶቹ ወደ ማሳዋ ሲገቡ የሚዘፍኑት ነው ዛሬ ሠርግ ላይ የሚዘፈነው፦

ማጭድ ይዘው መጡ ጎረቤቶችሽ፣
ከእንግዲህ ብቻውን አያድር ማሳሽ።

ሠርገኞቹ ማጭዱን በጥሎሽ፣ ጎረቤቶቹን በአማቶች፣ ማሳውን በቤት ተክተውታል። ዜማው ግን ያው ነው።

ሽማግሌውን የቀድሞ ጭቃ ሹም አደረግኋቸው። በዚያ ዘመን መድረክ ላይ ጭቃ ሹም ሲወጣ ጅራፍ ይዞ፣ ሆዱን ገፍቶ፣ የድሃ ዶሮ እየቀማ ነው። ተመልካቹ ገና አፉን ሳይከፍት ያውቀዋል። እኔ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ይሰለቸኛል። ስለዚህ የእኔ ጭቃ ሹም ከሰፈሩ ሁሉ ደጉ ሰው ሆኑ፤ ጅራፍም አልያዙም። ባለ ሦስት እግር የዋንዛ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዜማሉ፤ በመጨረሻ ለሴትየዋ ከበርጩማቸው ይነሣሉ። ተውኔቱ በሙሉ በዚያ መነሣት ላይ የቆመ ነበር። በርጩማው የእኔ ነው፤ ከቤቴ ያመጣሁት።

እዚህ ላይ ኃላፊያችን ይግባ። ደንቆሮ አልነበረም፤ እንዲያ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ሪፖርት ሲያነብ ድምፁ ያምራል፤ አዳራሽ ያጨበጭብለታል። በየስብሰባው የድሃ ገበሬ ልጅ መሆኑን፣ ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ሹመት የሚባል እቤታቸው ገብቶ እንደማያውቅ በኩራት ይናገራል። እውነትም ነው። ለክልሉ የኪነት ውድድር ልንሄድ ስንል ቢሮው ጠራኝ።

«ተቀመጥ ወንድሜ» አለኝ። «ሥራው ጥሩ ነው። ግን የቡድን ሥራ ነው። ግለኝነት እንዳይታይበት።»

እንግዲያው በቡድኑ ስም ይቅረብ አልኩት።

«አይ፣ ውድድሩ ደራሲ ይፈልጋል። አንድ ሰው መውጣት አለበት። አንተ የድርጅት አባል አይደለህም፤ ጥያቄ ይነሣብሃል። ግዴለም፣ እኔ ልሸከመው።»

ሸክም ሲል ፊቱ ላይ የእውነት ድካም ይታይ ነበር። ያንን ድካም እስከ ዛሬ አደንቀዋለሁ።

ባሕር ዳር አዳራሹ ሞልቷል። መድረክ መሪው፣ «ድርሰት፣ ዜማና ዝግጅት» ብሎ የኃላፊውን ስም ጠራ። ከተዋንያኑና ከተወዛዋዦቹ በኋላ፣ ከሁሉ መጨረሻ፣ «የመድረክ ቁሳቁስ አቅራቢ» ብሎ የእኔን ስም ጠራ። ከመጋረጃው ኋላ በርጩማውን ታቅፌ ቆሜ ነበር። አያ ማሲንቋቸውን እየቃኙ ቀና ብለው አዩኝና፣ «በርጩማው እንኳን ያንተ ሆነ» አሉኝ። አንደኛ ወጣን። ኃላፊው ዋንጫውን ከፍ አድርጎ ሲጨፍር፣ ትከሻው ለእስክስታ የተፈጠረ እንዳልሆነ አየሁ፤ ያቺን ያዝኩለት።

አልጮህኩም። ጉልበት የሌለው ሰው ሲቆጣ ያስቃል፤ እኔ ደግሞ ሰው ማሳቅ ሙያዬ ስለሆነ በነፃ አላደርገውም። መጀመሪያ ላይ አኩርፌ ብቻ ነበር የምውለው። በኋላ ግን ከቡድኑ አንዱ፣ «የአንተ ድርሰት እኮ» ሲለኝ፣ «የለም፣ የኃላፊው ነው» ብዬ አረምኩት። ስናገረው የሆነ ነገር ቀለል አለኝ። ደገምኩት። ወደ ደምበጫ፣ ወደ አዴት፣ ወደ ቡሬ ለትርዒት በሄድን ቁጥር ደራሲውን ለሕዝብ የማስተዋውቀው እኔ ሆንኩ። አንድ ሰው የወሰደውን ነገር በሁለት እጁ እንዲይዘው ማድረግ እንደሚቻል ያወቅሁት ያኔ ነው።

የቡሬው ትርዒት የገበያ ቀን ነበር። ካበቃ በኋላ ሽማግሌዎች ደራሲውን ማየት ፈለጉ። አንዱ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ዘንጋቸውን ተደግፈው፣ «ልጄ፣ እኒህን ሽማግሌ ማንን አይተህ ነው የሠራሃቸው? በዓይንህ ያየኸው ሰው ናቸው እንጂ እንዲያው በሐሳብ አይሆንም» አሉት።

በእኛ አገር ይህን ጥያቄ አንድ የቡሬ ሽማግሌ፣ በሰው ፊት፣ ሲጠይቅ ስለ ድርሰት እየጠየቀ አይደለም። የማን ልጅ ነህ እያለ ነው። ይህን የሚጠየቅ ሰው፣ ምንም ያህል ስብሰባ ቢመራ፣ ወገቡ በራሱ ይቀናል። የኃላፊያችንም ቀና።

«አያቴ ናቸው» አለ። «ጭቃ ሹም ነበሩ። በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ሲፈርዱ አይቻለሁ።»

ሽማግሌው ተነሥተው ትከሻውን ሳሙት። ድምፃዊቷ ሳቋን በነጠላዋ ያዘችው። እኔ አልሳቅኩም። ከዚያ ቀን በፊት የነበረኝ ኩርፊያ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ አገኘሁ።

አያትየው በየትርዒቱ አደጉ። በሚቀጥለው ከተማ በቅሎ ኖራቸው። እኔ በሰው መካከል በአክብሮት፣ «በቅሎዋ መልኳ ምን ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ። ዳማ ናት አለ። ሌላ ቦታ ጃንጥላ ተጨመረ፤ ከዚያ የሚያርሱላቸው ሰዎች፤ ከዚያ እስከ ወንዙ የሚደርስ መሬት። ሐሳብ ሲያጥረው በጥያቄ አቀብለዋለሁ። አያትየውን አብረን ነው የደረስናቸው ማለት ይቻላል፤ እኔና እሱ በእርግጥ በጋራ የሠራነው ብቸኛ ድርሰት እሳቸው ናቸው። ሞኝነቱን አልንቅበትም። በስብሰባ የድሃ ገበሬ ልጅ፣ በገበያ የጭቃ ሹም የልጅ ልጅ መሆን ለእሱ ውሸት አልነበረም። ሁለት አዳራሽ ነበረው፤ ለሁለቱም የሚመጥን ዘር አቀረበ። የረሳው ነገር ቢኖር በሁለቱም አዳራሽ የሚቀመጥ ሰው መኖሩን ነው።

ከዚያ የመሬት ሽግሽጉ መጣ። በቀድሞዎቹ መንግሥታት ሹመት የነበረው ሁሉ በየቀበሌው እየተለየ መሬቱ ተቀነሰበት። «የፊውዳል ርዝራዥ» የሚለው ቃል ከስብሰባ ወጥቶ ጠላ ቤት ገባ። ሽግሽጉ ሲያበቃ ደግሞ ግምገማ ተጠራ። ለማያውቀው፣ ግምገማ ማለት የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች በአንድ አዳራሽ ተዘግተው አንዱ የአንዱን ጉድፍ በየተራ እየተነሣ የሚናገርበት ስብሰባ ነው። ከተመልካቹ ጀምሮ ሁሉም ተዋናይ የሚሆንበት ተውኔት እሱ ብቻ ነው። ከግምገማው በፊት ወሬ ደረሰን፤ ከበላይ የሚመጣው ሰው አንድ ጥያቄ ይዞ ነው የሚመጣው፦ በመንግሥት ቤት የሚሠራ የኪነት ቡድን ከሁሉ ደግ አድርጎ የሚያሳየው ጭቃ ሹምን የሆነው ለምንድን ነው?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አጥሬን ሳጥር ኃላፊው መጣ። ቤቴ መጥቶ አያውቅም ነበር። ሚስማር እየመታሁ አስቆምኩት።

«ወንድሜ፣ እውነቱን እንነጋገር» አለ። «ድርሰቱ ያንተ ነው።»

ምን ያህል ጊዜ ይህን ቃል ልሰማ እንደተመኘሁ እሱ አያውቅም። ሰማሁት፤ ሚስማሩን ጨረስኩ።

«አንተ አባል አይደለህም» ቀጠለ፤ «ምክር ሰጥተው ይተዉሃል። እኔን ግን ያነሡኛል። ተነሥተህ የኔ ነው በል። ሁሉም ያውቃል።»

«ድርሰቱን ልውሰደው» አልኩት። «አያትህን ግን ምን ላድርጋቸው? የሰው አያት እንዴት እወስዳለሁ?»

«እሱን እኮ እንዲያው ለሽማግሌዎቹ ብዬ ነው» አለ፤ በእውነት ለመጀመሪያ ጊዜ አሳዘነኝ። ማዘኔ ግን ሐሳቤን አላስለወጠኝም። ሁለቱ ነገሮች አብረው መኖር ይችላሉ።

በግምገማው ቀን ኃላፊው ገና ሲጠየቅ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። ከበላይ የመጣው ሰው፣ ቀጭን፣ ትሑት፣ ሰው ሲናገር አንገቱን ደፍቶ የሚያዳምጥ፣ እንድነሣ ጠየቀኝ። የዚህ ተውኔት ደራሲ አንተ ነህ ወይ አለኝ።

አሁን ልብ በሉልኝ። የምወደው ሥራዬ ነበር። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ የማላፍርበት እሱ ብቻ ነው። አንድ ቃል ብናገር የእኔ ይሆናል፤ እሱም ይድናል። ዝም ብል ይወድቃል፤ ሥራው ግን ለዘላለም የእሱ ነው። ሁለቱንም ማግኘት አይቻልም ነበር።

«እኔ የመድረክ ቁሳቁስ አቅራቢ ነኝ» አልኩ። «በርጩማውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ስህተት ካለበት እቀበላለሁ። ስለ ድርሰቱ ደራሲውን ይጠይቁ።»

ስለ አያትየውስ የምታውቀው አለ ወይ አለኝ። ቡሬም ከዚያ በኋላም ኃላፊው ሲናገሩ ሰምቻለሁ፣ በቅሎዋ ዳማ ነበረች አልኩ። አያ ተጠየቁ፤ «እኔ ጌታው፣ የማውቀው ማሲንቆዬን ነው» ብለው ተቀመጡ። ድምፃዊቷ፣ ዜማውን ማን አስተማረሽ ስትባል ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። «ስንለማመድ፣ ከሰው ሰምቼ ነው የያዝኩት» አለች።

ኃላፊው ከቦታው ተነሥቶ አዴት አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ጆንያ ጠባቂ ሆነ። በዚያ ሳምንት ምግብ ጣመኝ። ይህን የምለው ለማስቀየም አይደለም፤ እንዲሁ እውነት ስለሆነ ነው።

ያልጣመኝ ነገር ቢኖር ከአዳራሹ ስንወጣ ድምፃዊቷ ያለችኝ ነው። ባሕር ዛፎቹ ሥር ጠበቀችኝ። «ጋሼ፣ ዘፈኑን ከአፌ አውጥተው ሰጡት» አለችኝ። «እኔንም ምስክር አደረጉኝ። እንግዲህ አንድ ነገር ልለምንዎት። ዳግመኛ የእኔ ነው እንዳይሉ። ውሸቴን ከንቱ እንዳያደርጉብኝ።»

አልልም ብዬ ቃል ገባሁላት። ብዙም ሳትቆይ አግብታ ደምበጫ ገባች፤ ከቡድኑም ወጣች። ዜማ የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ።

ከዚያ በኋላ ሌሎች ሙዚቃዊ ተውኔቶች ጽፌያለሁ። የሚመረምሩት ሰዎች አንብበው፣ አድምጠው፣ እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዱ በመጨረሻ፣ በደግነት፣ «ያንን ሰው በጣም ትመስላለህ። የራስህን ድምፅ ፈልግ» አለኝ። ራሴን በመቅዳት የተከሰስኩ ደራሲ እኔ ነኝ። ጥቂት ዓመት ራሴን ላለመምሰል ሞከርኩ፤ የወጣው ነገር ለመጸዳጃ ጉድጓድም አይሆንም ነበር። ተውኩት። ሌሎች የሠሩትን እየነቀፍኩ መጣጥፍ መጻፍ ጀመርኩ፤ ለእሱ ኖታ አያስፈልግም።

ነፋሱ ደግሞ ተለወጠ። ድርጅቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ተራ በተራ ተገማገሙና ትናንት ያወረዷቸውን ዛሬ ማንሣት ጀመሩ። ኃላፊው ከአዴት ተመልሶ ቡሬ ሱቅ ከፍቶ ነበር፤ ጨው፣ ሳሙና፣ የሽንኩርት ዘር ይሸጣል። አንድ የባህል በዓል ፍኖተ ሰላም ሲዘጋጅ የክብር እንግዳ አድርገው ጠሩት። «ለጥበቡ ሲል መከራ የተቀበለ» ብለው አስተዋወቁትና ካባ ደረቡለት። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። ከፊት ረድፍ ተቀምጬ ነበር። ያዋረድኩት መስሎኝ ጀግና አድርጌው ኖሯል። ያን ሁሉ መጽሐፍ አንብቤ ይህን አላየሁትም ነበር። ተነሥቼ ልወጣ ጫማዬን በእግሬ እየፈለግሁ ነበር።

ያኔ መድረክ መሪው ማይክሮፎኑን ለእሱ ሰጠና፣ «ከእንግዲህ ምን አዲስ ሥራ እንጠብቅ?» አለው።

ኃላፊው ማይክሮፎኑን ያዘው። ፊቱን አየሁት። አጥሬ ሥር ቆሞ ያየሁት ፊት ነበር። «በዝግጅት ላይ ነኝ» አለ። አዳራሹ እንደገና አጨበጨበ፤ ከሁሉም በላይ እኔ አጨበጨብኩ። ጫማዬንም አገኘሁት፤ ግን አልወጣሁም።

ካባ ከለበሰበት ቀን ጀምሮ አንቱ እለዋለሁ። መንገድ ላይ ሳገኘው ቆሜ፣ ባርኔጣዬን አንሥቼ፣ አዲሱ ሥራ እንዴት እየሆነልዎት ነው እለዋለሁ። ሱቁ ሄጄ ሳሙና ስገዛም፣ ሰው ባለበት፣ እጠይቀዋለሁ። ሰዎች ለምረቃ፣ ለመስኖ በዓል፣ ለትምህርት ቤት ኢዮቤልዩ ዘፈን እንድጽፍላቸው ሲመጡ፣ እሱ በሕይወት እያለ እኔ ማን ነኝ ብዬ ወደ እሱ እልካቸዋለሁ። ቆጋ ላይ ለገበሬዎቹ የውኃ ማኅበር በዓል መኪና ልከውለት ነበር፤ ጨጓራዬን አመመኝ ብሎ ቀረ። ለሚቀጥለውም አመመው። ወጣት ድምፃውያን እጅ እየነሡ ዜማ ይለምኑታል። በሠርግ ወራት ሱቁን ዘግቶ ከጓሮ ይቀመጣል አሉ። አንድ ዘፈን ብቻ ያለው ሰው ሆኖ መኖር ከባድ ነው፤ ያ አንዱም ያንተ ካልሆነ፣ እንግዲህ አስቡት።

ባለፈው ክረምት ሲወጣ ቤቴ መጣ፤ ለሁለተኛ ጊዜ። አጥሩ አርጅቷል፤ እሱም። አንድ ጣሳ ነጭ ማር ይዟል። አስቀመጥኩት። ስለ ዝናቡ ተጫወትን፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ አያ ማረፍ። ከዚያ ጣሳውን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ፣ «ደምበጫ ሄጄ ነበር» አለኝ። «እሷ ዘንድ። አንድ ዜማ ትሰጠኝ እንደሆን ብዬ።»

«ምን አለችዎት?»

«ወደ ዕቃ አቅራቢው ሂድ አለችኝ። ቃሉን መልሼለታለሁ በልልኝ አለች።»

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የእኔ ነው አልልም ካልኳት ቃል እንደ ፈታችኝ ገባኝ። እንግዲህ ከዚህ በኋላ የማደርገውን ሁሉ የማደርገው በራሴ ነው፤ የማላክክበት ሰው የለም።

«የዘንድሮው በዓል ላይ ይጠሩኛል» አለ። «መድረኩ ላይ ቆሜ፣ በሕዝብ ፊት፣ ያንተ ነው እላለሁ። ዘፈኑም፣ ተውኔቱም። ስለ አያቴም የዋሸሁትን እናገራለሁ። ካባውንም አውልቄ አለብስሃለሁ። ወይም ደግሞ አንድ፣ አንዲት ብቻ አዲስ ዘፈን ጻፍልኝና ልረፍ። የፈለግኸውን ምረጥ። ገላግለኝ ወንድሜ።»

አልዋሽም፤ ዘፈኑን በጆሮዬ ሰማሁት። ሴቶቹ ከዳሱ ሲነሡ፣ መድረክ መሪው ስሜን ሲጠራ፣ ከመጨረሻ ሳይሆን ከመጀመሪያ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ለዚህ ዓይነት ነገር ምን ያህል እንደሚርበው የማያውቅ ሰው ይፍረድብኝ። እጁ ጣሳው ላይ ነበር። ያ እጅ ዋንጫውን ከፍ አድርጎ ሲጨፍርበት የነበረው ነው።

ተነሣሁና ጓዳ ገባሁ። ባለ ሦስት እግሩን የዋንዛ በርጩማ አወጣሁት፤ አቧራውን በእጄ ጠረግሁ። ፊቱ አስቀመጥኩት።

«እኔ ዕቃ አቅራቢ ነኝ፣ ደራሲ» አልኩት። «ያለኝ ይኸው ነው። ለአዲሱ ሥራዎ ያስፈልግዎታል።»

በርጩማውን አየው። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጣም። ወሰደው። በብብቱ ሥር አድርጎ ቀስ እያለ ወጣ። ደጃፌ ላይ ቆሜ አየሁት። ወደ መናኸሪያው ሲወርድ ሁለት መምህራን ቆመው እጅ ነሱት፤ አንደኛው በርጩማውን ተቀብሎ ሊሸከምለት ታገለው። ምን እንደጠየቁት ከሩቅ አልሰማሁም። ግን አገጩ ከፍ ብሎ እጁ ሲወራጭ አየሁ፤ በዝግጅት ላይ መሆኑን እየነገራቸው መሆን አለበት።

ማሩን አልመለስኩለትም። ጥሩ ማር ነበር።